ሰው በምን ቃል ይፈለጋል

የፀዳለን ሞት የነገሩኝ አባቷ ናቸው። መሪጌታ ኅሩይ ስልክ አይወዱም፤ ሲደወልላቸው ቀፎውን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይይዙና ማኅሌት ላይ እንደቆሙ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት።

«ልጄ፣ ፀዳለ አረፈች» አሉኝ።

እሳቸው መልስ አልጠበቁም። «ሥራ ላይ እንደሆንህ አውቃለሁ፤ ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው» ብለው ዘጉት።

መጋዘን ውስጥ ነበርሁ፤ ከሰቆጣ ዙሪያ ከመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማር እየተረከብሁ። ሰውየው ፊቴን አይተው «ምን ሰማህ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ያች የስልኳ ልጅ?» አሉ። በከተማውም በገጠሩም ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚህ ስም ነው። የባልዲያቸውን ክዳን መልሰው ገጠሙና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ማሩ የትም አይሄድም፤ ተነሥ እንሂድ» አሉኝ። የወንድማቸውን ልጅ ያገኘችላቸው እሷ መሆኗን መንገድ ላይ ነገሩኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስሠራ ኖሬ፣ አላውቅም ነበር።

ክፍሏ ከማር መጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች፣ የሰም ሽታ የማይለያት ጠባብ ቢሮ ናት። የማር አምራቾች ማኅበር ነን። እኔ ማር እረከባለሁ፣ ጥራቱን አያለሁ። ፀዳለ ደግሞ ማራችን ኢንተርኔት ላይ እንዲገኝ ትሠራ ነበር። ኮምፒውተር የተማረችው ባሕር ዳር ነው፤ እዚያው ድረ ገጽ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ጥቂት ጊዜ ሠርታለች። እናቷ ሲሞቱ ግን ሥራዋን ትታ መጣች። ወንድሟ ደረጀ ዝቋላ ወረዳ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ ከበዓል በበዓል ካልሆነ ሰቆጣ አይመጣም። «አባባ ብቻቸውን ምን ይሆናሉ?» ነበር ያለችኝ፣ ለምን እንደተመለሰች ስጠይቃት።

ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ልጅ ነበረች። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ነው። ሕፃን ሳለች ጉሮሮዋን ታማ በጊዜው ስላልታከመች በሽታው ልቧ ላይ እንደቀረ ሐኪሞች ነግረዋታል። ወደ ቢሯችን የሚወስደው ዳገት መሀል ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ትልና ወደ ኋላዋ ዞራ ከተማውን ቁልቁል ታያለች። መጀመሪያ ላይ ማየት የምትወድ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው ትንፋሿ እስኪመለስላት የምትጠብቀው መሆኑ የገባኝ። ከገባኝ በኋላ አብሬያት ስወጣ እኔም እቆማለሁ፤ ስለ አንዱ ጣሪያ ወይም ስለ አንዱ ዛፍ የሆነ ነገር እጠይቃታለሁ። እሷም እያወቀች ትመልስልኛለች። ስለ ሕመሟ በቀጥታ ተነጋግረን አናውቅም።

ስትናገርም እንደዚያው ነበረች። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ረጅም ዐረፍተ ነገር አትወድም። የምትለው ነገር ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም አይረሳም።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይመር ሰበሰበን። አቶ ይመር ቅን ሰው ነው፣ ግን ነገሩን ሁሉ በትልቁ ይወድዳል። «ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ‹ማር› ብሎ ሲጽፍ፣ መጀመሪያ የምንወጣው እኛ መሆን አለብን። ከዚያ በታች አልፈልግም» አላት።

ፀዳለ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችና ‹ማር› ብላ ጻፈች። የወጡትን ገጾች አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየች ነገረችው። ይኸኛው ስለ ማር ጥቅም የጻፈ ትልቅ የዜና ድርጅት ነው፤ ይኸኛው መዝገበ ቃላት ነው፤ ይኸኛው ከአገር ውጭ የሚልክ ትልቅ ኩባንያ ነው። ሁሉም ብዙ ዘመን የቆዩ ናቸው፤ ሌሎች ብዙ ገጾችም ‹እነሱን እዩ› እያሉ ወደ እነሱ ይጠቁማሉ።

«እኛ ትናንት የተወለድን ነን፣ አቶ ይመር። እነዚህን ገፍተን የምናልፍበት ጉልበት የለንም።»

«ታዲያ እንተወው?»

«ቃሉን እንተወው። ሰውየውን ግን አንተወውም» አለች። «‹ማር› ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈልግ ገና ራሱም አልለየም። መድኃኒት ይሆናል፣ ዘፈን ይሆናል። ‹የሰቆጣ ነጭ ማር አዲስ አበባ የት ይገኛል› ብሎ የሚጽፍ ግን ሊገዛ ተነሥቷል።» ይህንኑ ጻፈችና የወጣውን አሳየችው። አንዱ ስለ ድርቅ የተጻፈ የቆየ ዜና ነው፤ ሌላው ስለ ሌላ አገር ማር ያወራል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ስለ ሰቆጣ መንገድ ነው። «አዩ፣ ሰው ይጠይቃል፣ የሚመልስለት ግን የለም። እዚህ ብንቆም የሚጋፋን የለም።»

አቶ ይመር ራሱን አከከ። «እንግዲያው ማንም ያልጻፈውን ቃል ሁሉ ሰብስበሽ ጻፊዋ።»

«እሱም አይሆንም። ማንም የማይፈልገው ቃል ላይ አንደኛ መውጣት፣ ሰው በሌለበት ቤት አባወራ መሆን ነው።»

ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው በሦስት ጥያቄ ነበር። ማን ነው የሚፈልገው? በምን ቃል ይፈልጋል? በዚያ ቃል ላይ ከፊታችን ማን ቆሟል? ገበሬዎቹ ማር ይዘው ሲመጡ አጠገባቸው ተቀምጣ ታዳምጣለች። ማራቸውን በምን ስም እንደሚጠሩት፣ ገዢው ምን እያለ እንደሚጠይቃቸው ታጠናለች። አንዳንዴ የጠየቀችውን ሰው ንግግር ሳታርም፣ ሳታሳምር፣ እንዳለ ገጻችን ላይ ትጽፈዋለች። በዚህም ከአዲስ አበባ ይደወልልን ጀመር። አቶ ይመርም እንግዳ ሲመጣ «ትንንሹን ቃል ነው መያዝ፤ እኔ ድሮም ይህን እላለሁ» ይላል። ፀዳለ ትሰማውና አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

አንድ ጊዜ ብቻዋን ሆና ኮምፒውተሯ ላይ ፈዝዛ አገኘኋት። የአባቷ አገር ፃግብጂ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ከአማርኛው እኩል የአካባቢው ቋንቋ ኽምጣና ይነገራል። እናቷ ያወሯት የነበረውም በኽምጣና ነው።

«ምነው?» አልኋት።

«እናቴ ማርን የምትጠራበትን ቃል ጻፍሁና ፈለግሁት» አለችኝ። «አንድም ተወዳዳሪ የለም፣ ጋሼ። አንድም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን የሚፈልገውም የለም።» ከዚያ ገጹን ዘጋችው። በማግሥቱ ግን ስለ ቀፎ አያያዝ አንድ አጭር ጽሑፍ በኽምጣና አዘጋጅታ አወጣች። «ይህ ለሽያጭ አይጠቅምም፤ እንዲሁ ይቀመጥ» አለችኝ።

መሪጌታ ኅሩይ የልጃቸውን ሥራ በሩቁ ነበር የሚያውቁት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሳለ የማኅበራችንን ገጽ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡና ቀና አሉ።

«ፀዳለ፣ ይህ ‹ንፁህ ማር› የሚለው በየትኛው ‹ሀ› ነው የተጻፈው?»

«በሃሌታው፣ አባባ።»

«‹ንጹሕ› በሐመሩ ‹ሐ› አይደለም? ‹ጹ›ም በጸሎቱ ‹ጸ› ነው። ይህን ሳላስተምርሽ ቀርቼ ነው?»

«አስተምረውኛል። ሰው ግን እንደዚያ አይጽፈውም። የተሳሳተውን ፊደል የሚጽፈው ይበዛል። በትክክሉ ብቻ ብጽፈው የሚመጣው ሰው በሌላ በር ያልፈኛል።»

«ሰው ከተሳሳተ አብረሽ ትሳሳቻለሽ ማለት ነው?»

«መንገዱን ሲስት የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ ማለት ነው።»

መሪጌታ «እንግዲያው ከላይ በትክክሉ ጻፊ፤ ስሕተትሽን ከታች አስከትይ» ብለው ፈረዱ። እሷም እንዳሉት አደረገች፤ ከዚያ ወዲህ የጻፈችው ገጽ ሁሉ ርእሱ አባቷ በሚወዱት ፊደል፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው በሚጽፈው ፊደል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የነበረ ያውቀዋል። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ደረጀ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተዘጋና እሱም ከአካባቢው በእግር እንደወጣ ከሰው ሰምተን ነበር። ወዴት እንደወጣ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ስልክ ሲመለስ ሁላችንም ዘመዶቻችን ጋር ደወልን። የደረጀ ስልክ አይጠራም። ፀዳለ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ስትደውል አላይም ነበር፣ መደወሏን ግን ከፊቷ አውቃለሁ።

ሰቆጣ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ፀዳለ ከሥራ ስትወጣ ወደ መጠለያው መሄድ ጀመረች። እኔም አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። ሰዎቹን የምትጠይቃቸው ነገር ይገርመኝ ነበር። «የጠፋባችሁን ሰው በስልክ ብትፈልጉ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?» ትላቸዋለች። ልማዷ ነው፤ ማን ይፈልጋል፣ በምን ቃል ይፈልጋል።

እትዬ ላቀች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሙሉ የሚባል ልጃቸው በግርግሩ ተለይቷቸው ጠፍቷል። ፀዳለ ይህንኑ ስትጠይቃቸው ዐይኗን እያዩ «እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ ልጄ? ፊደል አልቆጠርሁ። በቤታችን የሚጽፈው ሙሉ ነበር፤ እሱ ደግሞ የጠፋው ራሱ ነው» አሏት።

ፀዳለ ብድግ ብላ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ተገላቢጦሽ ነበር የያዝሁት፣ ጋሼ» አለችኝ። «የሚፈልገው እኮ የጠፋው ነው። ሙሉ በሕይወት ካለ አሁን የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እናቱን እየፈለገ ነው። እሱ በሚጽፈው ቃል ላይ ነው መቆም ያለብን።»

በማግሥቱ ለአቶ ይመር ነገረችው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ትንሽ ገጽ በማኅበራችን ድረ ገጽ ላይ ልታወጣ ነው። አቶ ይመር «እኛ እኮ የማር ማኅበር ነን» አለ። እሷም «ማሩን የሚያመጡልን እነዚህ ሰዎች ናቸው» አለችው። ትንሽ አስቦ «የቢሮውን ስልክ አድርጊበት እንግዲያው፤ የራስሽን አታድርጊ፣ ትሞቻለሽ» አላት። ስለ ልቧ ማለቱ ነበር።

ቃሎቹን ስትመርጥ አጠገቧ ነበርሁ። ‹ሰቆጣ› ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ በዚያ ስም የዓለም ዜና ሁሉ ተሰልፏል። ‹ተፈናቃይ› ቢሉ የእርዳታ ድርጅቶች መግለጫ ነው የሚወጣው። ‹ዝቋላ› ቢሉ ደግሞ ከሸዋ ያለው የዝቋላ ተራራና ገዳሙ ይመጣል እንጂ የእኛ ዝቋላ የለችም። «ከገዳሙ ጋር አንወዳደርም፤ አቡዬም አይፈቅዱልንም» አለችና ፈገግ አለች። በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። የመንደር ስም ከእናት ስም ጋር ሲጻፍ ግን ማንም የለም። የአጥቢያው ታቦት ሲጨመር ጭራሽ ባዶ ሜዳ ነው። ለእትዬ ላቀች ገጽ የመንደራቸውን ስም፣ የሳቸውን ስም፣ የደብራቸውን ስም ሰው ሊጽፍ በሚችልበት ፊደል ሁሉ ጻፈች፤ ከሥሩ «ሙሉ፣ እናትህ ደህና ናቸው። በዚህ ስልክ ደውል» የሚል አደረገች።

አንድ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጠራ። አነሣሁት። ወጣት ወንድ ነው። «ስለ ላቀች የጻፋችሁት እውነት ነው?» አለኝ። አፋር ውስጥ የመንገድ ሥራ ላይ ነው። የመንደሩንና የእናቱን ስም በስልኩ ጽፎ ነው ያገኘን። ፀዳለ ሰው ልካ እትዬ ላቀችን አስመጣች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስናደርግላቸው በኽምጣና አንዲት ቃል ተናገሩ። እኔ አልገባኝም፤ ፀዳለ ግን ወደ ውጭ ወጣች። ኋላ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። «‹በላህ ወይ?› ነው ያሉት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው መጠለያው ውስጥ ‹የስልኳ ልጅ› ይላት ጀመር። ሁሉም አልተገኘም። ስልኩ ብዙ ቀን ዝም ይል ነበር። ቢሆንም ዳገቱን እየወጡ ወደ ቢሯችን የሚመጡት እናቶችና አባቶች አልተቋረጡም፤ እሷም ማንንም ‹ነገ ና› ብላ አልመለሰችም።

የደረጀ ገጽ ነበር የከበዳት። የወንድሟ ስም እስከ አባቱ ስም ድረስ ከአንድ የታወቀ ኳስ ተጫዋች ጋር አንድ ነው። ‹ደረጀ ኅሩይ› ተብሎ ሲጻፍ የሚወጣው ጎል ነው፣ ፎቶ ነው፣ ቃለ ምልልስ ነው። ‹አስተማሪ› ትጨምራለች፣ አሁንም ተጫዋቹ ነው። ‹ሰቆጣ› ትጨምራለች፣ ዜናው ይመጣል። ለሌላው ሰው በቀላሉ የምታገኘውን ባዶ ቦታ ለገዛ ወንድሟ አጣችው።

«ደረጀ የራሱን ስም አይጽፍም» አልኋት አንድ ቀን። «አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን ዕለት ገጹን እንደገና ሠራችው። ርእሱ ‹መሪጌታ ኅሩይ ዘሰቆጣ› ሆነ። በዚያ ቃል ላይ ማንም አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ወደ ገጻችን እንደገቡ ታያለች። ኮምፒውተሩ የሚያሳያት ቃሉን ብቻ ነው፤ የጻፈውን ሰው አያሳይም። አንድ ጠዋት ጠራችኝ። ‹መሪጌታ ህሩይ ሰቆጣ በህይወት አሉ› የሚል ነበር።

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፍ?» አለችኝ።

«ደረጀ ይሆናላ» አልሁ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብሁም።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ገጹን ከፍታ «መሪጌታ ኅሩይ በሕይወት አሉ። ሰቆጣ ናቸው። ልጃቸው ፀዳለም ደህና ናት» ብላ ጨመረች። በዚያ ሰሞን ዳገቱን ስትወጣ ሳትቆም ለማለፍ ስትሞክር አያት ነበር። ቶሎ ልትደርስ።

ስልኩ የተደወለው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያነሣሁት። አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

«የመሪጌታ ኅሩይ ቤት ነው?»

«ቤታቸው አይደለም፤ ግን የቅርብ ሰው ነኝ።»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሐዱሽ እባላለሁ። ፍየል ነጋዴ ነኝ። ደረጀን አውቀዋለሁ።»

«ደህና ነው?»

ሰውየው «አንተ ዘመዱ ነህ?» አለኝ። ሁሉም ነገር በዚያች ጥያቄ ገባኝ። በእኛ አገር ለዘመድ ሞት በስልክ አይነገርም። ፀዳለ ከፊቴ ቆማለች፤ ከፊቴ ላይ አንብባዋለች። «ስጠኝ» አለችኝ። አልሰጥም ብዬ ስልኩን ያዝ አደረግሁ። ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

«ሐዱሽ፣ እኔ እህቱ ነኝ። ሳትሸሽግ ንገረኝ» አለችው።

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ደረጀና ሐዱሽ በተከዜ በረሃ መንገድ ላይ ተገናኝተው አብረው ተጉዘዋል። ደረጀን ወባ ያዘው። መድኃኒት የሚገኝበት ቦታ አልነበረም። ሐዱሽ በፍየል ወተት እያስታመመው ቆየ፤ አልተረፈም። ከዝቋላ ሰዎች ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀበረው። ፀዳለ «እሺ» ትላለች፣ «የት?» ትላለች፣ «ማን ማን ነበር?» ትላለች። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። ይህን ሁሉ ስትል አላለቀሰችም። ከዚያ፣ አሁንም ድረስ የሚገርመኝን ነገር ጠየቀችው።

«በምን ቃል አገኘኸን?»

የደረጀን ስም ሲጽፍ ኳስ ተጫዋቹ እየመጣ እንዳስቸገረው ነገራት። በኋላ ደረጀ ‹አባቴ መሪጌታ ናቸው› ማለቱ ትዝ አለው። ሽማግሌው በሕይወት ከሌሉ ለማን እነግራለሁ ብሎ ነበር ‹በህይወት አሉ› ብሎ የጻፈው። መልሱን አነበበ። ‹ደህና ናት› የሚለውን ሲያይ ግን መርዶ ነጋሪ መሆን ከበደው፤ ሳይደውል እስከዚያች ቀን ቆየ።

ስልኩን አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «አባባ እስኪነገራቸው ድረስ ማንም አይስማ» አለችኝ።

መርዶውን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። ለአባቷ ንስሐ አባት ነገረች፣ ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነገረች፤ የሚመች ቀን ተመረጠ። እስከዚያ ድረስ ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ላይ እየበላች፣ ስለ ደረጀ ሲያነሡ እየመለሰች ቆየች። ፊቷን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አላውቅም። ከሰውነቷ ግን የሆነ ነገር ያን ሰሞን ሄደ፤ ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ የጀመረውም ያኔ ነው።

ሽማግሌዎቹ በንጋት ሲገቡ እኔም አብሬ ነበርሁ። መሪጌታ ዳዊታቸውን እያነበቡ ነበር። ደጃፉ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፣ ዳዊቱን ዘጉ፣ ሳሙት። «ግቡ። ገብቶኛል» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እሳቸው ልቅሶ የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ ሲጀምሩ ግን ማንም ሊይዛቸው አልቻለም።

ከቀናት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲቀልል፣ ልጃቸውን ጠሩና «በምን አገኘሽው?» አሏት።

«በእርስዎ ስም፣ አባባ።»

መሪጌታም «ስሜ ለዚህ ጠቀመ» አሉ።

ፀዳለ ሥራዋን አላቆመችም። ሐኪሞች አዲስ አበባ ሄዳ ልቧን በቀዶ ሕክምና እንድትታከም ነገሯት፤ ተራ ያዘች፤ ተራው ሳይደርስ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ዳገቱን መውጣት አቃታትና ኮምፒውተሯን ቤቷ ወሰድንላት። የመጨረሻውን ገጽ የሠራችው ለአንድ ከፃግብጂ ለመጣ አባት ነው፤ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ሰውየው ታቦቱን፣ ወንዙን፣ የልጁን የቤት ስም እየነገራት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

አሁን ስለ እሷ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ወደ ደረጀ መቃብር የሄድንበት ቀን ነው። ከመርዶው በኋላ፣ ከመተኛቷ በፊት ነው። መኪና እስከሚደርስበት ድረስ በመኪና ሄድን፤ መሪጌታ፣ ፀዳለና እኔ። ሐዱሽ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጎልማሳ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። መሪጌታን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም አንገቱን አቅፈው ብዙ ጊዜ ሳይለቁት ቆዩ።

ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ፀዳለ ጥቂት እንደሄደች ቆመች። ዞራ ሸለቆውን አየች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ቆመች። በሦስተኛው ላይ ግን ዞራ ምንም አላየችም፤ አንዲት ግራር ሥር ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

«እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

አባቷ አብረዋት ሊቀሩ ፈለጉ። «አይሆንም አባባ፤ እርስዎ ካላዩት ማን ያየዋል?» አለቻቸው።

ሄድን። ቦታው ድንጋያማ፣ የተራቆተ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ ናት። የደረጀ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኗ በስተምዕራብ፣ ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ጥላውን የሚጥልበት ቦታ ላይ ያለ የድንጋይ ክምር ነው። ስም የለውም። ፍየሎች ረግጠውት ጥቂቱ ድንጋይ ተንከባሏል። ሐዱሽ ያፈረ ይመስል ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን መለሰ፤ እኔም አገዝሁት። መሪጌታ ቆመው ፍትሐት የሚመስል ነገር በዝቅታ ደገሙ፤ ድምፃቸው መሀል ላይ ይቋረጥና እንደገና ይቀጥላል። ከዚያ ተመለስን።

ፀዳለ ግራሩ ሥር እንደተቀመጠች ነበረች። ስንቀርብ ልትነሣ ሞክራ ተወችው።

«ምን ዓይነት ቦታ ነው?» አለች።

ሐዱሽ መሬት መሬቱን ያያል። መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጥሩ ቦታ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው ያሳረፉት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሱን ነው።»

ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። እኔም «አዎ» አልሁ።

«እንግዲያው ደህና ነው» አለች። ራሷን አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን ማልቀስ ጀመረች። ትንፋሿ እስኪመለስላት ድረስ አራታችንም እዚያው ተቀምጠን ቆየን።